ማሽን በቆመበት ያረጃል፦ ስለ መውቂያ ቺንጋ፣ ስለ ኩሽኔታና ስለ ክረምት ውኃ

የአርሲ ደጋ ገበሬ የዓመት ድካሙን የሚያይበት ጊዜ አጭር ነው። ስንዴውና ገብሱ ታጭዶ ከተከመረ በኋላ ተወቅቶ ጎተራ እስኪገባ ያሉት ሳምንታት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በእነዚህ ቀናት ያልታሰበ ዝናብ ቢመጣ ክምሩ ይረጥባል፤ ፍሬው ያቆጠቁጣል ወይም ይሻግታል። ሜዳው በሰፋበት ሥፍራ ኮምባይነር አጭዶና ወቅቶ ያልፋል። ተዳፋቱና የማሳው ጥበት ኮምባይነር በማያስገባበት ሥፍራ ግን የገበሬው ተስፋ በአንዲት አነስተኛ የናፍጣ ሞተር በምትዞር መውቂያ ማሽን ላይ ይወድቃል።

የእርሻ መሣሪያ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። በአጭር ስሙ ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን መንግሥት እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላ ላይ ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ትራክተርና ኮምባይነር በአርሲ ሲታዩ ኖረዋል። ዛሬም በአሰላ የሚገኘው የግብርና ምሕንድስና ምርምር ማዕከል መውቂያን የመሳሰሉ መሣሪያዎችን ይሠራል፤ ያሻሽላል። ይሁን እንጂ መሣሪያውን ማግኘት አንድ ነገር ሲሆን፣ ከዓመት ዓመት በጤና ማቆየት ሌላ ነገር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሁለተኛውን ጉዳይ በፊዚክስ ዓይን መመልከት ነው።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነን በጮሌ ያየነው አንድ ነገር ነው። በወርኃ ኅዳር ወደዚያ በተጓዝንበት ጊዜ አንድ ወጣት የመውቂያ ባለቤት ማሽኑን ፈትቶ በሐሳብ ተውጦ አገኘነው። ከጎኑ ሦስት የተቃጠሉ ቺንጋዎች ወድቀዋል። ክምራቸውን ለማስወቃት ተራ የያዙ ገበሬዎች ቆመው ሰማዩን ይመለከታሉ። «ዶክተር፣ ቺንጋው እኮ አዲስ ነው። ጠበቅ አድርጌ ነው ያሰርኩት። ሁለት ቀን አይቆይም፤ ይቃጠላል። አሁን ደግሞ ኩሽኔታው መጮህ ጀመረ» አለን። ሞተሩም ቢሆን በየመካከሉ እየተንተፋተፈ ይጠፋ ነበር። ወጣቱ ሦስት የተለያዩ በሽታዎች የገጠሙት መስሎታል። ነገሩን ስንመረምረው ግን ሦስቱም ከአንድ ምንጭ የፈለቁ ሆነው ተገኙ፤ ምንጩም ማሽኑ ሳይሠራ የቆመበት ክረምት ነበር።

የገመዱና የግንዱ ሕግ

ቺንጋ ኃይል የሚያስተላልፈው በሰበቃ ብቻ ነው፤ ጥርስ የለውም። ስለዚህ ሥራውን ለመረዳት ከማናቸውም ነገር አስቀድሞ ገመድ በግንድ ላይ ሲጠመጠም የሚሆነውን ማወቅ ይጠቅማል።

አንድ ሰው የበሬ ገመድ ይዞ በሬው ቢጎትተው በክንዱ ብቻ ሊያቆመው አይችልም። ገመዱን በግንድ ላይ ጥቂት ጊዜ ከጠመጠመው ግን በሬው የቱንም ያህል ቢታገል በአንድ እጁ ይይዘዋል። በገመዱና በግንዱ መካከል ያለው የሰበቃ ልክ 0.3 ቢሆን፣ አንድ ዙር የያዡን ጉልበት 6.6 ጊዜ ያበዛዋል፤ ሁለት ዙር 43 ጊዜ፤ ሦስት ዙር 285 ጊዜ ያበዛዋል። ልብ እንበል፤ ጭማሪው በመደመር ሳይሆን በመባዛት የሚሄድ ነው። ይህን ሕግ በ18ኛው መቶ ዘመን በስሌት የገለጸው ሊዮናርድ ኦይለር የተባለው ታላቅ የሒሳብ ሊቅ ነው።

ሕጉ በመባዛት የሚሠራ መሆኑ መልካምም ክፉም ጎን አለው። መልካም ጎኑ ትንሽ ሰበቃ ብዙ መያዙ ነው። ክፉ ጎኑ ደግሞ ሰበቃው በጥቂቱ ሲቀንስ የመያዝ አቅሙ በብዙ መውደቁ ነው።

ቺንጋው ለምን እንደ ሽብልቅ ተሠራ?

የጥንት ወፍጮዎች ይዞሩ የነበሩት በጠፍጣፋ ቺንጋ ነበር። ዛሬ በአብዛኛው የምናየው ግን ጎኖቹ ወደ ታች የጠበቡ፣ በፑሊው ቦይ ውስጥ እንደ ሽብልቅ የሚገባ ቺንጋ ነው። ይህን ዓይነት የጎማ ቺንጋ አሜሪካዊው ጆን ጌትስ እ.ኤ.አ. በ1917 ለገበያ ካበቃው ወዲህ በዓለም ተሠራጭቷል።

የሽብልቁ ጥበብ ይህ ነው፦ ቺንጋው ወደ ታች ሲሳብ በቦይው ሁለት ጎኖች መካከል ይጨመቃል። የቦይው ማዕዘን 38 ዲግሪ ቢሆን፣ ጎኖቹን የሚጫነው ኃይል ጠፍጣፋ ቺንጋ ፑሊውን ከሚጫንበት ሦስት ጊዜ ያህል ይበልጣል። የሚሠራው ጎኑ ነው እንጂ ሆዱ አይደለም። የቺንጋው ሆድ የቦይውን ወለል ከቶ ሊነካ አይገባም።

በቁጥር እንመልከተው። ቺንጋው ፑሊውን በግማሽ ክብ ያቀፈ፣ በሁለቱ ወገኖቹ ያለው ውጥረት ሲደመር ከ100 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር እኩል የሆነ ነው እንበል። የሰበቃው ልክ 0.3 ከሆነ፣ ቺንጋው ሳይንሸራተት ሊጎትት የሚችለው እንደሚከተለው ነው።

ቺንጋው ደረቅና ቦይው ጤነኛ ሲሆን፦ 90 ኪሎ ግራም ያህል።
ቦይው ጤነኛ ሆኖ ቺንጋው ሲረጥብና ሰበቃው በግማሽ ሲቀንስ፦ 62 ኪሎ ግራም ያህል።
ቦይው ተበልቶ የቺንጋው ሆድ ወለሉን ሲነካ፦ 44 ኪሎ ግራም ያህል።
ሁለቱም ሲደራረቡ፦ 23 ኪሎ ግራም ብቻ።

ሦስተኛው መስመር የጮሌውን እንቆቅልሽ ይፈታል። ፑሊው ክረምቱን ሙሉ ከደጅ ቆሞ ዝገት በልቶታል። ዝገት በተለመደው ዓይን ሲታይ ቀለም ይመስላል እንጂ እንደ ሞረድ የሚፈጭ ሻካራ ነገር ነው። ማሽኑ በኅዳር ሲነሣ የዛገው ቦይ ቺንጋውን ሞረደው፤ ከቺንጋው የረገፈው የጎማ ብናኝ፣ የዝገቱ ዱቄትና የገለባው አቧራ ተደባልቀው በተራቸው ቦይውን አሰፉት። ቦይው ሲሰፋ ቺንጋው ወደ ታች ሰጠመ። በመጨረሻ ሆዱ ወለሉን ነካ፤ ሽብልቅነቱ ቀርቶ ጠፍጣፋ ሆነ። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አላስፈለገንም። የቦይው ወለል እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ወለሉ የሚያበራ ፑሊ ቺንጋ እንደሚበላ ማንም ሊያውቅ ይገባል። ወጣቱ ሦስት ጊዜ የቀየረው በሽተኛውን ሳይሆን የበሽታውን ሰለባ ነበር።

የሚንሸራተት ቺንጋ የሚያባክነው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። 6 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ሞተር ቺንጋው አንድ አምስተኛ ያህል ቢንሸራተት 1.2 ኪሎ ዋት በቺንጋው ላይ ይነድዳል። ይህም አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከሚወስደው ኃይል አንድ ሦስተኛው ያህል ነው። በጣት ስፋት ባለ ጎማ ላይ ይህን ያህል እሳት ከተለኮሰ መቃጠሉ ሊያስደንቀን አይገባም። በደጋው ደግሞ ብክነቱ የበለጠ ይጎዳል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አሰላ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ አየር መጭመቂያ የሌለው ሞተር በሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን ጉልበት ሙሉ በሙሉ አይሰጥም። ከዚህ ከተቀነሰው ላይ ሌላ መቀነስ ለመውቂያው ከበሮ የሚተርፈውን እጅግ ያሳንሰዋል።

ማጥበቅ መድኃኒት ነውን?

ቺንጋ ሲንሸራተት ሁሉም ሰው በቅድሚያ የሚያደርገው ማጥበቅ ነው። ወጣቱም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ለጊዜው ሠርቶለታልም። ነገር ግን ከላይ ባየነው ስሌት መሠረት፣ 44 ኪሎ ግራም ብቻ የሚጎትተው ሆዱን ያሳረፈ ቺንጋ እንደገና 90 እንዲጎትት ከተፈለገ ውጥረቱ ከእጥፍ በላይ መሆን አለበት። ያ ውጥረት ወዴት ይሄዳል? በቀጥታ ወደ ዘንጉና ዘንጉን ወደ ተሸከመው ኩሽኔታ ነው።

የኳስ ኩሽኔታ ዕድሜ ከሸክሙ ጋር ያለው ዝምድና ጨካኝ ነው። ሸክሙ እጥፍ ሲሆን ዕድሜው በግማሽ ሳይሆን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ሁለት ለሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ስምንት ስለሚሆን ነው። ለ800 ሰዓት ሥራ የሚበቃ ኩሽኔታ በ100 ሰዓት ያልቃል ማለት ነው። እንግዲህ የኩሽኔታው ጩኸት ከቺንጋው መቃጠል የተለየ ችግር አልነበረም። የተበላው ፑሊ ቺንጋውን አንሸራተተ፤ የተንሸራተተው ቺንጋ እንዲጠብቅ ሆነ፤ የጠበቀው ቺንጋ ኩሽኔታውን ገደለ።

ሙጫ ወይም ሬንጅ መቀባትም ከማጥበቅ የተሻለ ምክር አይደለም። ለአንድ ቀን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ አቧራና ገለባ እያጣበቀ ቦይውን የሚሞርድ ሊጥ ይሆናል።

ውኃ ወደ ኩሽኔታው እንዴት ይገባል?

ኩሽኔታው ወድቆ ሲከፈት ግን የቺንጋው ሸክም ብቻ እንዳልገደለው አየን። ኳሶቹ በሚሽከረከሩበት ቀለበት ላይ እኩል ርቀት ያላቸው ጥቁር ነጥቦች ተቀርጸዋል፤ በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት በኳሶቹ መካከል ካለው ርቀት ጋር አንድ ነው። ይህ ምልክት የሚናገረው ግልጽ ነው፦ ኩሽኔታው ሳይዞር በቆመበት፣ ኳሶቹ ባረፉበት ቦታ ሁሉ ዝገት በልቶታል።

ውኃው የሚገባበት መንገድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ማሽን ሲሠራ ውሎ የኩሽኔታው ቤት በጋለበት ሰዓት ዝናብ ቢመታው ወይም ለማጽዳት ቀዝቃዛ ውኃ ቢረጭበት፣ በውስጡ ያለው አየር በድንገት ይቀዘቅዛል፤ ይኮማተራል። በዚህ ጊዜ ኩሽኔታው እንደሚተነፍስ ሰው ከውጪ ወደ ውስጥ ይስባል። በዙሪያው ያለው አየር ከሆነ አየር ይስባል፤ ውኃ ከሆነ ግን በመከላከያ ጎማው ጠርዝ በኩል ውኃ ይስባል። ከዚያም ውኃው ከግሪሱ ጋር ተደባልቆ ወራት ይቀመጣል። ግሪስ ወተት የመሰለ መልክ ይዞ ከተገኘ ውኃ እንደ ጠጣ እንወቅ። ስለዚህ ማሽኑን ማጠብ የሚገባው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ከታጠበም በኋላ አዲሱ ግሪስ አሮጌውን ገፍቶ እስኪወጣ ድረስ መቀባት ያስፈልጋል።

በናፍጣው ውስጥ የተገኘው ብርጭቆ ውኃ

የሞተሩን መንተፋተፍ ምክንያት ለማወቅ ከናፍጣ ጋኑ ሥር ያለውን መክፈቻ ፈታን። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ሁልጊዜ ከሥር ይተኛል። በመጀመሪያ የወረደው አንድ የሻይ ብርጭቆ የሚሞላ ውኃ ነበር፤ ናፍጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወጣቱ «የሌሊት ጤዛ ነው፤ ጋኑ ጎዶሎ ሲሆን ከውስጥ ያልበዋል ይባላል» አለን። ይህ በመካኒኮች ዘንድ በሰፊው የሚነገር ነው። እውነት መሆን አለመሆኑን እስቲ በስሌት እንፈትነው።

ጋኑ 10 ሊትር የሚይዝና ባዶ ነው እንበል። ቀኑ 20፣ ሌሊቱ 8 ዲግሪ ሴልሲየስ ይሁን፤ አየሩም እስከ መጨረሻ እርጥበት የጠገበ ይሁን። 10 ሊትር አየር በ20 ዲግሪ ሊይዝ የሚችለው የውኃ ተን 0.17 ግራም ነው፤ በ8 ዲግሪ 0.08 ግራም ነው። ስለዚህ በአንድ ሌሊት ወደ ጠብታነት የሚለወጠው ከ0.09 ግራም አይበልጥም። በየቀኑ የጋኑ አየር ሙሉ በሙሉ ቢታደስ እንኳ በ100 የክረምት ሌሊቶች የሚጠራቀመው 9 ግራም ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ አይሞላም። በዚህ የሙቀት ለውጥ ጋኑ የሚተነፍሰው ደግሞ አራት በመቶ ያህል አየር ብቻ ነው፤ በዚህ ትንፋሽ ብቻ የሚገባው ውኃ በ100 ሌሊት ከግማሽ ግራም በታች ይሆናል። የሻይ ብርጭቆውን የሞላው ጤዛ አይደለም።

ታዲያ ከየት መጣ? ምላሹ ያው ትንፋሽ ነው፤ ነገር ግን የሚስበው ነገር ተለውጧል። ከ10 ሊትር ውስጥ አራት በመቶ 0.4 ሊትር ነው። በክዳኑ ዙሪያ የዝናብ ውኃ ቋጥሮ ከሆነና ጋኑ ሌላ መተንፈሻ ከሌለው፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በአየር ፋንታ ያን ውኃ ይምገዋል። አንድ ብርጭቆ ለመሙላት ወራት አይፈልግም፤ አንድ ሁለት ሌሊት ይበቃል። በደጅ ቀጥ ብሎ የቆመ የናፍጣ በርሜልም በራሱ ላይ ካለው የጠርዝ ገንዳ ውኃ የሚጠጣው በዚሁ መንገድ ነው። በርሜልን ከዝናብ ማስጠለል፣ ይህ ካልተቻለ ዘንበል አድርጎ ማቆም የሚመከረው ስለዚህ ነው። በዝናብ የቀዳንበት ጀሪካንም ተጠርጣሪ መሆኑን አንርሳ።

ይህ ስሌት ለጨዋታ የተደረገ አይደለም። ጥፋተኛው ጤዛ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ጋኑን ሞልቶ ማሳደር ነበር፤ ይህም ለድሃ ባለማሽን ከባድ ወጪ ነው። ጥፋተኛው ክዳኑ ከሆነ ግን መድኃኒቱ አንድ ቁራጭ ላስቲክና አንድ ማሰሪያ ነው።

ውኃው የሚያደርሰው ጉዳት ሞተሩን በማጥፋት አያበቃም። በናፍጣ ፖምፓው ውስጥ በሚመላለሰው ፒስተንና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮ ሜትር ያህል መሆኑን ስናስብ ጥበቱ ይገባናል። ይህን ክፍል የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ነው። ውኃ ግን አያለሰልስም፤ ያዝጋል እንጂ። በውኃውና በናፍጣው ድንበር ላይም ጥቃቅን ሕያዋን ተራብተው ማጣሪያውን የሚደፍን ጥቁር ልጋግ ይፈጥራሉ።

ሁለት ማንኪያ የሚሰብረው ብረት

ከሁሉ የከፋው ግን ውኃ በጭስ መውጫው በኩል ወደ ሲሊንደር ሲገባ ነው። የጭስ መውጫው አፉ ወደ ሰማይ ከሆነ ክረምቱን ሙሉ ያለ ክዳን መቆሙ ዝናብ መቀበያ ያደርገዋል። የ400 ሚሊ ሊትር ሞተር አየሩን 20 ጊዜ አጥብቆ የሚጨምቅ ከሆነ፣ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 21 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። አየር ይጨመቃል፤ ውኃ ግን እሺ አይልም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውኃ 30 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሞተሩን በድንገት ካስነሣነው ይህ ውኃ የፒስተኑን ክንድ ያጣምማል ወይም ይሰብራል። ከክረምት በኋላ ሞተርን ለመጀመሪያ ጊዜ ስናስነሣ በቅድሚያ በእጅ ቀስ አድርገን ሁለት ሙሉ ዙር ማዞር አለብን። የሚከለክል ነገር ካጋጠመን ማስገደድ የለብንም፤ ኢንጀክተሩን ፈትተን ውኃውን ማስወጣት ይገባል።

የጥገናው ቅደም ተከተል

በጮሌ የተደረገው ጥገና ውድ አልነበረም፤ የሚጠቅመው ቅደም ተከተሉ ነው። በመጀመሪያ ውኃው ከጋኑ ወረደ፤ ማጣሪያው ተቀየረ፤ አየሩም ከመስመሩ ተነፈሰ። ቀጥሎ ፑሊው ወደ ቶርኖ ቤት ተልኮ ቦይው በትክክለኛው ማዕዘን እንደገና ተቆረጠ። ቦይው እጅግ ቢበላ ኖሮ ፑሊውን መለወጥ ግድ ይሆን ነበር። ሦስተኛ ኩሽኔታው ተለወጠ። አራተኛ ሁለቱ ፑሊዎች በአንድ መስመር መቆማቸው ቀጥ ያለ ብረት ጎናቸው ላይ በማስደገፍ ተረጋገጠ፤ በ1 ሜትር ርቀት የ9 ሚሊ ሜትር መዛነፍ ግማሽ ዲግሪ ነውና ከዚህ ሊያልፍ አይገባም። አዲሱ ቺንጋ የገባው ከሁሉ በኋላ ነው። ሲወጠርም በሁለቱ ፑሊዎች መካከል በጣት ሲጫኑት በየ1 ሜትሩ 16 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲረግብ ተደረገ። ሁለትና ከዚያ በላይ ቺንጋ ጎን ለጎን የሚሠሩበት ማሽን ከሆነ ሁሉም በአንድነት ይለወጣሉ፤ አለዚያ አዲሱ ብቻውን ሸክሙን ይሸከማል።

ከክረምት በፊትስ? ቺንጋው ይረገብ፤ ከተቻለም ወልቆ በደረቅ ጨለማ ቦታ ይሰቀል። የፑሊው ቦይ ስስ ዘይት ይቀባ፤ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊትም ዘይቱ በጥንቃቄ ይጠረግ። ኩሽኔታው ግሪስ ይጠጣ። የጋኑ ክዳንና የጭስ መውጫው ይሸፈኑ። በወር አንድ ጊዜ ማሽኑ በእጅ ይዙር፤ ኳሶቹ ያረፉበትን ቦታ ይለውጣሉና። ሸራ ስንሸፍን ደግሞ ከሥሩ ነፋስ የሚያስገባ ክፍተት እንተው።

ይህ ጉዳይ የአርሲ ብቻ አይደለም። በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ ሰዎች ከደጃቸው በረዶ የሚጠርጉበት በሞተር የሚሠራ ማሽን አላቸው፤ ጥቂት ሳምንት ሠርቶ ወራት ይቆማል። እዚያም የሚበላው ቺንጋው ነው፤ የሚዝገው ኩሽኔታው ነው፤ የሚበላሸው በነዳጁ ውስጥ የተኛው ውኃ ነው። ወቅት የሚጠብቅ ማሽን ሁሉ በሥራው ከሚያልቀው ይልቅ በመቆሙ የሚያልቀው ይበዛል።

አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ስለ ቺንጋም ከማጥበቅ ማየት ይቅደም እንላለን። የፑሊውን ወለል አይቶ ምክንያቱን የሚያውቅ ባለማሽን ሦስት ቺንጋ አይገዛም። ከሁሉም በላይ ግን ሰማዩን እያየ ተራውን የሚጠብቀው ገበሬ እህሉን ከዝናቡ በፊት ያስገባል። የጮሌው ማሽን በማግስቱ ከቀትር በፊት ተነሣች፤ ደመናውም ገና ከተራራው አልወረደም ነበር።